የማሊምፎ ነጭ በቆሎ

ማሊምፎን ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለም። ሆስፒታሉ ውስጥ የኤች አይ ቪ አማካሪ ናትና የተሰጣት ወንበር አለ፤ ካፖርቷን ትሰቅልበታለች እንጂ አትቀመጥበትም። ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ስታስተምር እንኳ ከወዲህ ወዲያ እየተንጎራደደች ነው።

«ምኤ ማሊምፎ፣ አንቺን በዓይናችን ስንከተል አንገታችን ተቀጨ» ይሏታል ሴቶቹ፤ «ምኤ» በአገራቸው እናት ማለት ነው።

«እሹት። ካልተሻላችሁ ለእሱም ክኒን አናጣም» ትላለች።

ማስተማሪያዋ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሳህን ናት። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ደግሞ አንድ እፍኝ ነጭ በቆሎና ጥቂት ጥቁር ቦሎቄ አይጠፋም። በቆሎው የሰውነት ወታደር ነው፤ ሐኪሞቹ ነጭ የደም ሴል የሚሉት ማለት ነው። ቦሎቄው ቫይረሱ ነው። በቆሎውን ሳህኗ ላይ ትበትንና አንዲት ቦሎቄ ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ በቆሎውን አንድ አንድ እያለች ታነሳዋለች።

«ኤች አይ ቪ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቤቱን ትቶ ዘበኛውን ነው የሚበላው። ዘበኛው ካለቀ ደግሞ ማንም ሳል፣ ማንም ተቅማጥ በርሽን ረግጦ ይገባል።»

ቀጥላ ክኒን ስለ መዋጥ ትናገርና በቆሎውን እንደገና መጨመር ትጀምራለች። ሳህኗ ግጥም ስትል ሴቶቹ እልል ይላሉ። ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ሁልጊዜም እዚያው ላይ ነው የሚያበቃው።

ይህን ነገር ከሰው ሰምታ አይደለም የምታስተምረው፤ አይታዋለች። ባሏ ከድንበር ማዶ፣ ከወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ይዞት የመጣውን በሽታ ለእሷ ትቶላት ሞተ። እሷም ተራራው ላይ ባለው ቤቷ ቆዳና አጥንት ሆና ተኛች። ጎረቤቱ ለቀብሯ የሚታረደውን በሬ በዓይኑ መምረጥ ጀምሮ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ትላሊ ነው ያዳናት። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ፈረሱ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት አወረዳት።

«መንገድ ላይ እንዳትሞቺ» ይላት ነበር። «ፈረሱ ደንጋጣ ነው፤ ሁለታችንንም ገደል ይከተናል።»

ደሟ ሲታይ በአንዲት ኢምንት ጠብታ ውስጥ ወታደሮቿ አራት ብቻ ሆነው ተገኙ። ጤነኛ ሰው ላይ በመቶና በሺህ የሚቆጠረው እሷ ዘንድ አራት። ዛሬ ትቀልድበታለች። «አራቱንም በየስማቸው አውቃቸው ነበር። አንዱ ሰካራም፣ አንዱ አንካሳ፣ ሁለቱ ደግሞ ተኳርፈዋል» ትላለች። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ክኒኑን ጀመረች፤ ወታደሮቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ለማሊምፎ «ወታደር በዛ» ማለት የምሥራች ነው፤ «ወታደር ቀነሰ» ማለት ደግሞ መርዶ። ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ትላሊም ቆይቶ በዚያው በሽታ ተያዘ። «ምድር ውስጥ ገብቶ ወርቅ የቆፈረ ወንድ በክኒን አይኖርም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እህቱ አልለቀቀችውም። ከብቱ በረት ድረስ እየሄደች፣ ውሃ በኩባያ ይዛ፣ «አፍህን ክፈት» እያለች አስለመደችው። የሱም ወታደሮች በስንት ልፋት በዙ። ስለ ክኒን ከሆነ ከእህቱ ቃል ውጭ አይሄድም፤ ሌላ ነገር ላይ ግን በግትርነት በሬ እንኳ አይደርስበትም።

እንግዲህ ኮሮና በታክሲ ተሳፍሮ ከማዶ የመጣበት የብርድ ወር ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ እየሆነ በድንጋይ ይሰበር ነበር። ትላሊን መጀመሪያ ጉንፋን ነው ያሉት። ሳለ፣ አተኮሰው፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ ቀለል አለው፤ ተነስቶ ፈረሱን ሁሉ አበላ። ተሻለው ሲባል ነው ትንፋሹ ያጠረው። ከበሩ እስከ በረቱ መሄድ አቃተው። ማሊምፎ የሰው መኪና ለምና አስመጣችውና ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደረገለት።

ኮሮና ክፍል ዘመድ አይገባም። ዘመድ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አጥሩ ጋ ይቆማል፤ አጥሚቱን በዘበኛ ይልካል። ማሊምፎ ግን የቤቱ ሰው ናት። ጋዎኗንና ማስኳን አጥልቃ ትገባለች፤ ከአልጋው ራስጌ ወደ ግርጌ፣ ከግርጌ ወደ መስኮቱ ትላለች።

«ምነው፣ እኔን ነው ወይስ አንቺን ነው ያመመው?» አለ ትላሊ ቃሉን እየቆራረጠ።

ዶክተር ሞኾሲ የምትባል ወጣት ሐኪም መጣች። ደረቱን አዳመጠች፣ ጣቱ ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ አየች፣ ለነርሷ «ዴክሳ ይጀምር» አለቻት።

«ምን የሚያደርግ ነው እሱ፣ ዶክተር?» አለች ማሊምፎ።

ወዲያ ማዶ አልጋ ላይ ማሽኑ ይጮኻል። ዶክተሯ ወደዚያው እየሮጠች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ «ነጭ የደም ሴሎቹን ነው፣ ምኤ። ኃይላቸውን ይቀንሳል!» ብላ ሄደች።

ማሊምፎ በቆመችበት ቀረች። ምን ማለት ነው ይቀንሳል? እሷና ወንድሟ ዓመት ከዓመት ሲያረቡት የኖሩትን፣ ሰውየው ትንፋሽ አጥሮት በተኛበት ሰዓት? ጠላት በር ላይ ቆሞ ዘበኛውን አስተኛ እንደ ማለት ነው እኮ! ደግሞ ዶክተሯ ልጅ ናት። ያኔ ክኒኑ ሳይመጣ ሬሳ በጋሪ ሲወጣ አላየችም፤ ገና ሕፃን ነበረች።

ጠዋት ላይ ነርሷ በወረቀት ኩባያ ክኒኑን ይዛ መጣች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ምኤ ማሊምፎ፣ በናትሽ የወንድምሽን አንቺ አስውጪልን። እጅ አጥሮናል። መቼም ከአንቺ በላይ ክኒን የሚያስውጥ እዚህ ግቢ የለም።»

«አምጪው» አለች ማሊምፎ።

የዱሮውን፣ የዕለት ክኒኑን፣ በውሃ አስዋጠችው። ነጫጮቹን ትንንሽ ክኒኖች ግን እጇ ውስጥ ጨበጠቻቸው። ከዚያ እጇ ኪሷ ገባ፣ ባዶውን ወጣ።

ትላሊ አይቷል። «እነዚያስ?»

«እነሱ ላንተ አይሆኑም፣ አቡቲ፣ ወንድሜ። ወታደሮችህን የሚቀንሱ ናቸው።»

«ዶክተሯ… ታውቃለች?»

«ዶክተሯ ልጅ ናት። ዝም በል አሁን፣ ትንፋሽህን አትጨርስ።»

«አንቺ ካልሽ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ።

አጠገቡ የተኛው ቴፎ የሚባል የታክሲ ሹፌር ነው። ከትላሊ ጋር በአንድ ቀን ነው የገቡት፣ እንዲያውም እሱ ብሶበት ነበር። ዴክሳውን ከነርሷ እጅ ተቀብሎ ይውጣል። ውሎ አድሮ መቀመጥ ቻለ። ቀጥሎም አፉ ተከፈተ።

«ንታቴ ትላሊ፣ አባቴ! የኔ ሞተር ተነሳ እኮ። ያንተ ምን ነካው፣ ናፍጣ አለቀበት?»

ትላሊ መልስ ቢኖረውም ትንፋሽ የለውም። ከንፈሩ አመድማ እየሆነ፣ ከዚያም እየጠቆረ ሄደ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ስርጉድ ስርጉድ ይላል። ማሊምፎ ኮምጣጣ የማሽላ አጥሚት በማንኪያ ይዛ አፉ ላይ ብታደርስ፣ ለመዋጥ ሲል ትንፋሹ እያመለጠው ተወው። እሷ ትወጣለች፣ ትገባለች። ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄዳ ለምን እንደሄደች ረስታ ትመለሳለች። ኪሷ ውስጥ እጇን ስትከት በቆሎው ከክኒኑ ጋር ተደባልቆ ጣቷን ይነካታል፤ ፍም እንደነካ ሰው እጇን ቶሎ ታወጣዋለች። ክኒኑን መጣል ፈራች፤ ለምን እንደፈራችም አልገባትም። ልቧ ግን ያ ሹፌር በሳቀ ቁጥር ድንግጥ ይላል። ያ የዋጠው ተነሳ። ይህ ያልዋጠው ወደቀ። ይህን ለመቁጠር ደግሞ ትምህርት አይጠይቅም።

ዶክተር ሞኾሲ ትላሊን አየችው፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«ዴክሳው በትክክል እየተሰጠው ነው?» አለች ነርሷን።

«ምኤ ማሊምፎ ራሷ ናት የምታስውጠው።»

«እንግዲያ እሱ ላይ ጥርጥር የለም» አለች ዶክተሯ።

ማሊምፎ ይህን ሰማች። ዶክተሯን ተከትላ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት።

«ዶክተር፣ ምን ይሻላል?»

«ዋና ከተማው፣ ማሴሩ ደውያለሁ። ትልቁ የመተንፈሻ ማሽን ያለበት አልጋ ሁሉ ተይዟል። መድኃኒቱ ለምን አልይዘው እንዳለ አልገባኝም፣ ምኤ። እውነቴን ነው።»

«ያ መድኃኒት…» አለች ማሊምፎ። «ያ መድኃኒት ወታደሩን ከቀነሰ፣ ጠላቱን ማን ይዋጋል?»

ዶክተሯ ቆመች። ከዚያ በፊት እንዲህ ቆማ አታውቅም፤ ስትሮጥ ነው የምትታየው። ፊቷ ላይ ማስኩ የቆረጠው መስመር አለ።

«ወረፋው ጋ ሲያስተምሩ ከኋላ ቆሜ ሰምቼዎታለሁ» አለች። «በእርስዎው ዘዴ ላሳይዎት። ሳህንዎንና በቆሎዎን ያውጡ።»

ሳህኗ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበረች። አወረደቻት። እጇ ግን ኪሷ ውስጥ ቀረ። ጣቶቿ ያውቃሉ፤ ይሄ በቆሎ፣ ይሄ ቦሎቄ፣ ይሄ ደግሞ ክኒን። በዳሰሳ መለየት አያቅታትም፣ በቆሎውን ብቻ መዝና ማውጣት ትችላለች። ማን ያውቅባታል? በሩን ዘልቆ የትላሊ ሳል መጣ። አጭር፣ ደረቅ፣ እንደ ውሻ ጩኸት። ማሊምፎ የያዘችውን ሁሉ ዘግና ሳህኗ ላይ ዘረገፈችው።

ክኒኖቹ በበቆሎው መሃል ነጭ ሆነው ተቀመጡ።

ዶክተሯ ለአፍታ አልገባትም። ከዚያ ገባት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የወንድሜ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። አንዱንም አልዋጠም።» ማሊምፎ ማየት የቻለችው ሳህኗን ብቻ ነው። «እኔ አራት ወታደር ይዤ እዚህ ግቢ የገባሁ ሰው ነኝ፣ ዶክተር። ይቀንሳል ሲሉኝ…»

ዶክተሯ ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። አልጮኸችም፤ ያ ደግሞ ባሰባት። ክኒኖቹን አንድ በአንድ ለቅማ ጎን አደረገቻቸው። በቆሎውንም ከሳህኗ አውጥታ አንዲት ቦሎቄ አስቀረች።

«ይሄ ሳንባው ነው» አለች። «ቦሎቄዋ ገባች። ወታደር ተጠራ፣ መጣ። እስከዚህ ደግ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቀለል ብሎት የለም? ከዚያ ግን በቃችሁ የሚላቸው ጠፋ። የመጣው ሌላውን ይጠራል፣ ያም ሌላውን ይጠራል።» በቆሎውን መልሳ ታፈሰው ጀመር፤ ሳህኗ ሞላች፣ ከጠርዙ እየተንከባለለ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። «አሁን ቦሎቄዋን ያግኙልኝ።»

ማሊምፎ አየች። ቦሎቄዋ አትታይም።

«ምናልባት ሞታ ይሆናል። እነሱ ግን ይተኩሳሉ። የሚተኩሱት ደግሞ የሳንባውን ግድግዳ ነው፤ ሲፈርስ ውሃ ይገባበታል። አየሩ እንግዲህ የት ይግባ?»

የት ይግባ። ማሊምፎ ሳህኗን ትክ ብላ አየቻት። ያቺው ናት፤ ሴቶቹ እልል የሚሉባት፣ ግጥም ያለችው ሳህኗ።

«የእርስዎ በሽታ ወታደሩን ይገድላል» አለች ዶክተሯ። «ይሄኛው ወታደሩን ያሳብዳል። ለዚያኛው ማብዛት ነው መድኃኒቱ። ለዚህኛው፣ እንዲህ ትንፋሽ ያጠረ ጊዜ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ በቃ ማለት ነው። እየሮጥኩ ነገርኩዎት እንጂ… ቆሜ ብነግርዎ ኖሮ…» አልጨረሰችውም። «ለሜትሮኗ፣ ለነርሶቹ አለቃ፣ መናገር ግዴታዬ ነው፣ ምኤ።»

«ይናገሩ። እሱን ይስጡት። ረፍዶበታል?»

«አላውቅም» አለች ዶክተሯ። መርፌውን ለማዘጋጀትም እንደ ልማዷ ሮጠች።

ማሊምፎ ወደ ወንድሟ አልጋ ሄደች። ስንቱን ሰው መክራለች፤ ጥፋቷን ስትናገር ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«አቡቲ፣ ተሳስቼ ነው። ያን ክኒን ከልክዬህ… ወታደሮችህ በዝተው ነው። ሳንባህን እያፈረሱት ነው። በመርፌ ሊሰጡህ ነው፤ እምቢ እንዳትል።»

ትላሊ ቆይቶ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«ማሴሩ የተቃጠለች ጊዜ…» አለ። ተነፈሰ። «እዚያ ነበርኩ።» ተነፈሰ። «ከማዶ ወታደር የመጣው… ሊያረጋጋ ነው ተባለ።» ደግሞ ተነፈሰ። «ጫማ የምገዛበት ሱቅ ነበር…»

«እሺ፣ በቃህ፣ አትናገር።»

«አመድ ሆነ» አለ ትላሊ። «መርፌውን ይውጉኝ።»

ተወጋ። ሜትሮኗ መጣችና ማሊምፎን ጋዎኗን አስወለቀቻት። ክፍሉ ውስጥ እንዳትደርስ፣ መድኃኒት በእጇ እንዳትነካ ተባለች። ወጥታ አጥሩ ጋ ካለው ዘመድ ጋር ተቀላቀለች። ነፋሱ ከተራራው በረዶ ላይ እየተነሳ ፊት ይልጣል።

«አንቺ የቤቱ ሰው አይደለሽም እንዴ?» አለቻት አንዲት ሴት ብርድ ልብሷን እየሳበች።

«ዛሬ የአጥሩ ሰው ነኝ» አለች ማሊምፎ።

ሌላው ቆሞ ሲጠብቅ እሷ ትሄዳለች። አጥሩን ይዛ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ክፍሉ መስኮት፣ ከመስኮቱ እንደገና እስከ በሩ። ጠጠሩ ላይ መንገድ አወጣች። በመስታወቱ ስታይ ነርሶቹ ትላሊን በሆዱ ሊያስተኙት ይታገላሉ። አየር በጀርባው በኩል እንዲገባለት ነው። እሱ ደግሞ እጃቸውን ይገፋል። ምን እንደሚል ባትሰማም ታውቃለች፦ ወንድ በሆዱ አይተኛም።

መስታወቱን በመዳፏ ደበደበችው።

«አቡቲ! በሆድህ ተኛ! ሰማኸኝ? ተኛ ብዬሃለሁ!»

ዘበኛው «ምኤ! ምኤ!» እያለ መጣ። አልሰማችውም። ትላሊ አንገቱን አዙሮ አያት። ለአፍታ ፈራች፤ ከእንግዲህ ቃሏን ለምን ይሰማል? ቃሏ አይደል እዚህ ያደረሰው? ሰውየው ግን እጁን አወረደና ዝም ብሎ ተገለበጠላቸው። ማሊምፎ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ዕንባዋ ሳይደርቅ ደግሞ መንጎራደዷን ቀጠለች።

የዚያን ቀን ለውጥ የለም ተባለ። በማግስቱም የለም። አጥሩ ጋ ከቆሙት ለአንዳንዶቹ ስማቸው እየተጠራ መርዶ ይነገራቸዋል፤ ዘበኛው አፉን በከፈተ ቁጥር ማሊምፎ ፊቷን ታዞራለች፤ ካልሰማች ያልሆነ ይመስል። እሷ ራሷ ያስተማረቻቸው ሴቶች ሲያልፉ «ምኤ ማሊምፎ፣ የንታቴ ትላሊ ወታደሮች እንዴት ናቸው?» ይሏታል። ፊቷን ወደ መስኮቱ ትመልሳለች።

አንድ ረፋድ ላይ መስኮቱ ተንኳኳ። ቴፎ ነው፣ ሹፌሩ። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ አፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይጮኻል።

«ምኤ! ፓፓውን፣ ገንፎውን በላ! በገዛ እጁ ዘገነ! ከኔ ሳህን ላይ ደግሞ ሰረቀ፣ ሌባ ወንድም ነው ያለሽ!»

ማሊምፎ መሬት ላይ ዘጭ አለች። አጥሩ ጋ የቆሙት መርዶ መስሏቸው ሊያነሷት ሮጡ።

ትላሊ ዳነ። ሲድን ግን ሙሉ ሳንባውን ይዞ አልወጣም። የፈረሰው ሁሉ አልተጠገነለትም፤ የቀኖቹ መዘግየት ይሁን የበሽታው ክፋት፣ ዶክተር ሞኾሲም መለየት አልቻለችም፣ ማሊምፎም ደግማ አልጠየቀቻትም። ሜትሮኗ መድኃኒት እንዳትነካ ብላ፣ ማስተማሩን ግን ተወችላት። አሁንም ወረፋው ፊት ትንጎራደዳለች። ሳህኗ ግጥም ብላ ሴቶቹ እልል ሲሉ ግን አታቆምም፤ መሬት እስኪፈስ ድረስ ታፈስበታለች። እልልታው ይቋረጣል።

«ታዲያ ወታደር ደግ ነው ክፉ?» አለቻት አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ተቆጥታ። «አንዱን ንገሪን እንጂ!»

«በየትኛው በሽታ እንደተጠራ ነዋ፣ እማዬ» አለች ማሊምፎ። «ሐኪሙን ቆሞ እስኪነግርሽ ድረስ ጋዎኑን ይዘሽ ጠይቂው።»

ፀሐዩ ሞቅ ያለ ቀን ትላሊን ተራራው ላይ ወዳለው ቤቱ አወጣችው። ያ እሷን ያወረደበት ቁልቁለት ነው፤ አሁን ዳገት ሆኖ ጠበቃቸው። ፈረሱ ላይ አልወጣም አለ። «በእግሬ ካልገባሁ ከብቶቹ አያውቁኝም» አለ። ፈረሱን እየሳበ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። ማሊምፎ ቀድማ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ደግሞ ትሄዳለች።

«አንቺ ልጅ» አለ ትላሊ ፈረሱ አንገት ላይ ተደግፎ። «የኔ ወታደሮች እንኳ… በቃ ሲባሉ ሰምተዋል። አንቺ ምን ይሻልሻል? ቁጭ በይ፣ እኔን አደከምሽኝ።»

አንድ ድንጋይ ፈልጋ ቁጭ አለች። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። የወንድሟን ደረት አየች፤ ሲነሳ፣ ሲወርድ፣ ሲነሳ። እሱ ትንፋሹን ሰብስቦ ሳይጨርስ እሷ ተነሳች።